ከግድብ እስከ ምጣድ

የኢትዮጵያን ያህል ንጹሕ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ አገሮች ጥቂት ናቸው፤ የኢትዮጵያን ያህል ምግባቸውን በጭስ የሚያበስሉም እንደዚሁ ጥቂት ናቸው። ከብሔራዊው መረብ የሚገኘው ኃይል ከሞላ ጎደል የውሃ ነው፤ የቀረውን በአብዛኛው እንደ አዳማና አሸጎዳ ካሉ ጣቢያዎች የሚመጣው የነፋስ ኃይል ይሞላዋል። ነገር ግን ሕዝቡ በዓመት የሚጠቀምበትን ኃይል በሙሉ፣ እንጨቱንና ከሰሉን፣ ኩበቱንና ናፍጣውን፣ ቤንዚኑንና ኤሌክትሪኩን በአንድ መስፈሪያ ሰፍረን ብንደምረው፣ ከመቶው ከ85 በላይ የሚሆነው ተቆርጦ ወይም ተለቅሞ የሚነድ ነው። ሌሎች አገሮች ካርቦን የሚቀንስ የኃይል ሥርዓት ሲሉ በድንጋይ ከሰል የሚሠሩ ጣቢያዎቻቸውን ስለመዝጋት ነው የሚነጋገሩት። እዚህ የሚዘጋ እንዲህ ያለ ጣቢያ የለም። ያለው ጉልቻ ነው።

ላለፉት ስድስት አሥርት ዓመታት ኃይል ማለት ግድብ ነበር። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ተከዜ፣ በለስና ግልገል ጊቤዎቹ ተከታትለው መጡ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ተመረቀ። በ13 ተርባይኖቹ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ይህ ግድብ በአማካይ ዓመት 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ እንደሚሰጥ ይጠበቃል። ወጪው ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል፤ ለአንድ ኪሎ ዋት አቅም አንድ ሺህ ዶላር ግድም ማለት ነው፤ ይህም በዓለም መለኪያ ርካሽ ነው። ስለዚህ ግድብ ውድ ነው ብሎ መከራከር አይቻልም፤ እኔም አልከራከርም። የምለው ሌላ ነው፦ ከእንግዲህ በርካሹ የሚገኘው ንጹሕ ኃይል በግድቡና በምጣዱ መካከል ያለው ነው። እዚያ መካከል ያለው ሽቦ፣ ትራንስፎርመር፣ ሸክላና የመጋገሪያ ሰዓት ነው። ሪባን የሚቆረጥለት ነገር ስላልሆነ የምህንድስና ሥራ መሆኑ እንኳ ይረሳል።

ግድብ ብቻውን ወጥ ቤት እንደማይደርስ ከፓራጓይ በላይ የሚያሳይ አገር የለም። ፓራጓይ ከብራዚል ጋር የምትጋራው የኢታይፑ ግድብ 14,000 ሜጋ ዋት አቅም አለው፤ ግማሹ የእርሷ ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ኃይል መስጠት ከጀመረ አንሥቶ ፓራጓይ ከድርሻዋ የተረፋትን ለብራዚል ስትሸጥ ኖራለች። ሕዝቧ ከሰባት ሚሊዮን እምብዛም አይዘልም። ሆኖም ዛሬም አገር ውስጥ ጥቅም ላይ ከሚውለው ኃይል እንጨትና ከሰል ከኤሌክትሪክ ይበልጣሉ። ውሃው ሞልቶ፣ ተርባይኑ እየዞረ፣ በሩ ላይ ግን እንጨት እየተፈለጠ። የጎደለው ሽቦውና በሽቦው ጫፍ ላይ ያለው ዕቃ ነበር።

በእኛ አገር በሽቦው ጫፍ ላይ ያለው ትልቁ ዕቃ የእንጀራ ምጣድ ነው። ከቤት ውስጥ ማብሰያ ኃይል የአንበሳውን ድርሻ የሚወስደው ጋገራ ስለሆነ ምጣዱን ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ሸክላ አለ፤ ከሸክላው ሥር በተቦረቦረ መስመር ሬዚስታንሱ ይዘረጋል፤ ብዙ ጊዜ በጄሶ ይሸፈናል፤ ከዚያ በታች ያለው ቆርቆሮ ነው። አሁን እንቁጠር። ለአንድ እንጀራ 450 ግራም ገደማ ሊጥ ይፈሳል። ሊጡን አዲስ አበባ ላይ ውሃ ወደሚፈላበት 92 ዲግሪ ማድረስ፣ ከዚያም 100 ግራም ያህሉን ውሃ ማትነን ያስፈልጋል። ሁለቱ ቢደመሩ 0.1 ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞሉም፤ ለ30 እንጀራ 2.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃል። ቆጣሪው የሚቆጥረው ግን ሌላ ነው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ እስኪግል 20 ደቂቃ፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ እንጀራ 3 ደቂቃ ቢሠራ፣ ጋገራው ሲያልቅ 6.4 ኪሎ ዋት ሰዓት በልቷል። ከግማሽ በላዩ እንጀራ አልሆነም።

የት ሄደ? ሸክላው ብቻውን 11 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ እርሱን 200 ዲግሪ ለማድረስ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃው ነበር። በማሞቂያው 20 ደቂቃ የተሳበው ግን ከአንድ ይበልጣል። ትርፉ ወደ ታች በቆርቆሮው፣ በጎን በጠርዙ፣ ኋላም አከምባሎው በደንብ ባልገጠመበት በኩል ይወጣል። መድኃኒቱም ከዚያው ይገኛል፦ ሸክላውን ሳይሰነጠቅ በሚችለው መጠን ማሳሳት፣ ከሥሩ ጥሩ የሙቀት መከላከያ ማንጠፍ፣ አከምባሎውን በልክ መሥራት፣ ምጣዱ ከበቂ በላይ ሲግል ኃይሉን የሚቆርጥ ቴርሞስታት መጨመር። ከእነዚህ ውስጥ ከውጭ የሚገባው ቴርሞስታቱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ፍጆታውን በዚህ መንገድ ከ6.4 ወደ 4.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ማውረድ ለአንድ ጥሩ ባለ ሙያ ሩቅ አይደለም።

ይህ የቤት ሒሳብ ነው ተብሎ እንዳይናቅ ወደ ግድቡ እንመልሰው። ህዳሴ ላይ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 130 ሜትር ያህል ወርዶ የሚሰጠው 0.32 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በመንገድ ላይ ከተመነጨው አምስተኛው ቢጠፋ፣ ለአንድ ጋገራ ግድቡ 25 ሜትር ኩብ ውሃ መልቀቅ አለበት፤ 125 በርሜል መሆኑ ነው። አሁን 10 ሚሊዮን ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ በኤሌክትሪክ ይጋግር እንበል። በዛሬው ምጣድና በዛሬው መስመር በዓመት 8,300 ጊጋ ዋት ሰዓት ማመንጨት ይጠይቃል፤ ይህም ከህዳሴ ዓመታዊ ምርት ግማሽ ጥቂት ያልፋል። ምጣዱ 4.5 ላይ ቢወርድ፣ የመስመር ብክነቱም ከመቶ 20 ወደ 12 ቢቀንስ፣ ያው ሕዝብ ያንኑ እንጀራ በ5,300 ይበላል። ልዩነቱ 3,000 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው። 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግልገል ጊቤ 3 በዓመት ይሰጣል የተባለው 6,500 ገደማ ስለሆነ፣ ከሸክላና ከሽቦ የሚገኘው ቁጠባ የዚያን ግድብ ግማሽ ሊያህል ምንም አልቀረው።

እዚህ ላይ የኤሌክትሪክ ባለ ሙያዎች የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ ጠንካራም ነው። ችግሩ በዓመት የሚፈጀው መጠን አይደለም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢሰካ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ አንድ ሚሊዮን ምጣድ በአንድ ቅጽበት ቢበራ 3,500 ሜጋ ዋት ይጠይቃል። ይህን ለመሸከም መስመሩን፣ ማከፋፈያ ጣቢያውንና ትራንስፎርመሩን በሙሉ እንደገና መሥራት ነው። ነገር ግን ምጣድ በሳምንት ውስጥ የሚሠራው ከ168 ሰዓት አራቱን እንኳ ሳይሞላ ነው። ጋገራው በቀኑ 12 ሰዓት ውስጥ እኩል ቢበተን ያው አንድ ሚሊዮን ምጣድ በአማካይ የሚስበው 152 ሜጋ ዋት ብቻ ይሆናል። በ3,500 እና በ152 መካከል ያለው ልዩነት የሰዓት ልዩነት ነው። እውነተኛው ኑሮ በሁለቱ መካከል ቢወድቅም፣ በአዘቦት ቀን ወደ ትንሹ ቁጥር ያደላል፤ ሰዉ የሚጋግረው ሊጡ በደረሰበትና እጅ በተፈታበት ሰዓት ስለሆነ በራሱ ይበታተናል። መረቡ የሚንገዳገደው በበዓል ዋዜማ ነው። ያን ዕለት ሁሉም ቤት ይጋግራል፣ ዶሮውም ይሠራል፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመርም ያን ዕለት ይቃጠላል።

ሰዓትን ማስተዳደር ደግሞ ከማንኛውም ግንባታ ይረክሳል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ልዩ ምልክት እየላከች የውሃ ማሞቂያዎችን በጭነት ሰዓት ታጠፋለች፣ ጭነቱ ሲቀል መልሳ ታበራለች፤ ኮምፒውተር በየቤቱ ሳይገባ የተሠራ ጥበብ ነው። ምጣድን በሩቅ ማጥፋት ግን አይሞከርም፤ ሊጥ የፈሰሰበት ምጣድ ከቆመ እንጀራው ተበላሸ። ለምጣድ የሚሻለው በቀላል ጭነት ሰዓት የሚጋግርን በታሪፍ መሸለም ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰዓት የሚለይ ቆጣሪ ነው። ሌላው መንገድ በከተሞች ከወዲሁ በገበያ ኃይል እየመጣ ነው፤ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ማኅበራትና ድርጅቶች በዝተዋል። እነርሱ ዘንድ አንድ ጊዜ የጋለ ምጣድ ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ የማሞቂያው ብክነት ለብዙ እንጀራ ይከፋፈላል፤ ጭነቱም ቀድሞ የሚታወቅ ነው። ለእነዚህ ጋጋሪዎች የሚመች የሌሊትና የእኩለ ቀን ታሪፍ ማውጣት ከአንድ የነፋስ ጣቢያ ያልተናነሰ ጥቅም ያስገኛል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባለ ሙያ ሳይሆን ከጋጋሪዋ የሚመጣ ነው፦ መብራቱ በማይታመንበት አገር እንጨቱን ማን ይጥላል? ይህም ትክክል ነው፤ ነገር ግን የብዙው መቆራረጥ ምንጭ የውሃ እጥረት ሳይሆን የሰፈር መስመር ነው። ከትራንስፎርመር ርቆ በመስመሩ መጨረሻ ያለ ቤት ላይ 220 ቮልት መድረስ ሲገባው ማታ ማታ 180 ይደርሳል እንበል። አምፖሉ ትንሽ ደብዘዝ ይላል፤ ምጣዱ ግን ከዚያ በላይ ይጎዳል፣ ምክንያቱም ኃይሉ የሚቀንሰው በቮልቱ ካሬ ልክ ነው። የ3.5 ኪሎ ዋቱ ምጣድ 2.3 ላይ ይወርዳል። ሙቀቱ ስላነሰ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ይደርቃል ወይም ይጣበቃል፤ ሴትዮዋም ኃይሉ ደካማ ነው ብላ ወደ ጉልቻዋ ትመለሳለች። ጎረቤቶቿም እንደርሷ ረዘም ላለ ሰዓት ስለሚጋግሩ ጭነቱ ይደራረባል። 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ያለው የሰፈር ትራንስፎርመር ሌላ ጭነት ሳይኖርበት እንኳ ከ28 ምጣድ በላይ በአንድ ጊዜ አይሸከምም።

መፍትሔው ከሕንድ እስከ አውስትራሊያ የተፈተነ ነው። ኃይል በሽቦ ሲሄድ የሚጠፋው በሚሸከመው የኤሌክትሪክ ፍሰት ካሬ ልክ ስለሆነ፣ በ380 ቮልት የሚላከውን ያንኑ ኃይል በዚያው ሽቦ በ15,000 ቮልት ብንልከው ብክነቱ ከ1,500 ጊዜ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ለአንድ ሰፈር አንድ ትልቅ ትራንስፎርመር ተክሎ ረጅም ቀጭን መስመር ከመጎተት ይልቅ፣ የ15 ኪሎ ቮልቱን መስመር ወደ ቤቶቹ አስጠግቶ ብዙ ትንንሽ ትራንስፎርመሮችን መስቀል ይሻላል። ሕንድ ውስጥ ይህን ያደረጉ ግዛቶች ብክነቱንም በሕገወጥ መንገድ የሚቀጠል ሽቦንም ቀንሰዋል። ወፍጮ ቤቶች ባሉበት መስመር ላይ ካፓሲተር መጨመርም የሞተሮቹን ትርፍ ፍሰት ያስቀራል፤ ዋጋው ከአንድ ትራንስፎርመር ጋር አይወዳደርም። ቤቶች ተበታትነው ላሉበት ገጠር ደግሞ ሎይድ ማንዴኖ የተባለ የኒውዚላንድ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1925 ያመጣው ዘዴ አለ፦ አንድ ሽቦ ብቻ ይዘረጋል፣ መመለሻው መሬቱ ራሱ ነው። አውስትራሊያ በዚህ ዘዴ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር ዘርግታለች። ገደብ አለው፤ አንድ ቀበሌ ሙሉ ምጣዱን ቢሰካበት አይችልም። ለመብራት፣ ለስልክ፣ ለጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣና ለተራ በተራ ጋገራ ግን ይበቃል፤ ከሦስት ሽቦ መስመርም በብዙ ይረክሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ድርቅ ነው። ሁሉን በውሃ ላይ ጥሎ ወጥ ቤቱንም መኪናውንም ወደ ኤሌክትሪክ ማዞር፣ ዝናብ በጠፋ ዓመት አገሩን ሁሉ ማጨለም አይሆንም? በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ የነበረበትን ጊዜ ብዙ አንባቢ ያስታውሰዋል። ዛምቢያ የካሪባ ሐይቅ በመጉደሉ እ.ኤ.አ. በ2024 በአንዳንድ ቦታ በቀን እስከ 21 ሰዓት መብራት አጥታለች። ነገር ግን የኢትዮጵያ ተፈጥሮ እዚህ ላይ ቸር ነው። ወንዞቹ የሚሞሉት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ነፋሱ የሚበረታው በበጋ ነው። ነፋስ በሚነፍስበት ሰዓት ተርባይኑን ቀነስ አድርጎ ውሃውን ማስቀመጥ፣ ነፋሱ ሲተኛ መልቀቅ ይቻላል። ህዳሴ ሲሞላ ከሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውስጥ 59 ቢሊዮን ያህሉ ለኃይል ሊለቀቅ የሚችል ነው፤ ይህም የግድቡን የአንድ ዓመት ምርት ያህል ይሆናል። ሌሎች አገሮች የነፋስ ኃይል ለጥቂት ሰዓት ለማቆየት ውድ ባትሪ ሲገዙ እኛ ማከማቻውን ከፍለን ጨርሰናል። ከነፋስ ጣቢያዎቻችን አዳማ 1፣ አዳማ 2 እና አሸጎዳ በድምሩ 324 ሜጋ ዋት ብቻ ናቸው፤ ካለው ማከማቻ አንጻር በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ አዲስ ማመንጫ ከተባለ ተራው የሌላ ወንዝ ሳይሆን የነፋስ ነው፤ ዋጋው ባለፉት ዓመታት በብዙ የወረደው የፀሐይ ኃይልም ይከተላል። የኒውክሌር ጣቢያ ውጥንም ይሰማል፤ የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣ ይሆናል፣ በርካሹ ከሚገኘው አንጻር ግን ወረፋው ሩቅ ነው።

እንጨት ነጻ ነው የሚሉም አሉ። በከተማ ነጻ አይደለም፤ በገጠርም ዋጋው በሴቶችና በልጆች ጉልበት ይከፈላል፣ ከእንጦጦ ጋራ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ይህን አይስተውም። አዲስ አበባ ራሷ በማገዶ እጥረት ልትፈታ ደርሳ ነበር፤ አፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ያሰቡት በዚሁ ምክንያት ነው። ከተማዋን ያቆማት ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው፤ ለዘመኑ ርካሽ የኃይል ቴክኖሎጂ እርሱ ነበር። ዛሬም መስመር ለማይደርስላቸው ቤቶች ኤሌክትሪክን ጠብቁ ማለት አይገባም። በሦስት ጉልቻ 30 እንጀራ ለመጋገር 9 ኪሎ ያህል እንጨት ይነዳል፤ ከሲሚንቶና ፑሚስ ከተባለው ቀላል ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለ የማገዶ ምድጃ 5 ኪሎ ገደማ ያደርገዋል። ጭሱን ፈጽሞ አያጠፋም፤ ነገር ግን በየወረዳው የሚሠራ፣ ዋጋውም የሚቻል ነው።

ኢትዮጵያ ለዓለም ሙቀት መጨመር ያዋጣችው ኢምንት ሆኖ ሳለ ይህን ሁሉ ስለ ካርቦን ብላ ለምን ትለፋለች ለሚል፣ ስለ ካርቦን አይደለም እላለሁ። ለቤንዚንና ለናፍጣ በየዓመቱ ቢሊዮኖች ዶላር ስለሚወጣ ነው በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ የተከለከለው። ደን ስለሚያልቅ፣ ኩበቱ ማሳ ላይ ቢውል ማዳበሪያ ስለሚሆን ነው። ኃይሉ ደግሞ አለ፦ ለኬንያ በኅዳር 2015 ዓ.ም. በ200 ሜጋ ዋት መሸጥ ጀምረናል፣ ቢትኮይን የሚፈለፍሉ ድርጅቶችም በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ዋት ገዝተዋል። ዶላር የሚያስገኝ ሽያጭ አይነቀፍም። ግን አንድ አገር ለኮምፒውተሮች የሚሸጥ ትርፍ ኃይል ኖሮት ለወጥ ቤት ካልደረሰለት፣ ጉድለቱ ከግድቡ በታች እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ምጣድ የሚሠሩት በየከተማው ያሉ ትንንሽ ወርክሾፖች ናቸው፤ ገዢው አንዱን ከሌላው የሚለየው በዋጋውና በሻጩ አንደበት ነው። የትኛው 6.4፣ የትኛው 4.5 እንደሚበላ የሚያውቅ የለም። ይህን ለማወቅ ደግሞ ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ ቆጣሪና አንድ ባልዲ ሊጥ ይበቃሉ፤ በየከተማው ካሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አብዛኞቹ እነዚህን አያጡም። በዚህ ዓመት አሥር ኮሌጆች በአካባቢያቸው የሚሸጡትን ምጣዶች ፈትነው ውጤቱን በር ላይ ይለጥፉ። መምህራኑም ተማሪዎቹም አሉ፤ ይጀምሩት።